ያልተቆጠረ ሞት ቀነሰ አይባልም

«በሥራ ላይ የሚደርሰው ሞት ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁላችንም የምንጠብቀው ቁጥር ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ በፊት «የተቆጠረው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

እንደሚታወቀው በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፎቅ ይሠራል። ብዙ ጊዜ መወጣጫው ባሕር ዛፍ ነው፤ የሚወጣው ልጅም ሄልሜት የለውም። ይህ የቀን ሠራተኛ ወድቆ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ቢሞት፣ መዝገቡ ላይ «መውደቅ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። አሠሪውም «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ካለ ልጁ በሪፖርቱ ውስጥ አልሞተም ማለት ነው! ለቅሶ የደረሰው እድርተኛ ሁሉ እንዴት እንደሞተ ያውቃል፤ የማያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። ታዲያ ቤተሰቡ በምን ማስረጃ ካሳ ይጠይቅ?

ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። መቁጠር ምን እንደሚጠቅም ደግሞ አሜሪካንን ማየት ይቻላል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1970 በሥራ ላይ በቀን 38 ያህል ሰው ይሞት ነበር፤ የሠራተኛው ብዛት በእጥፍ አድጎም እንኳ በ2023 ወደ 15 ወርዷል። «ቀነሰ» ለማለት የቻሉት ሟቹንም ሠራተኛውንም ስለቆጠሩ ነው።

«ይሄ ለደሃ አገር ይከብዳል» የሚል ካለ መልሱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በቡታጅራ አካባቢ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየዞረ ሲመዘግብ ቆይቷል። የገበሬውን ሞት መቁጠር ከተቻለ የግንበኛው የሚያቅተን ለምንድን ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር ሀሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ «አደጋው ሲደርስ ሥራ ላይ ነበር ወይ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ሁለተኛ፣ እኛ የስታትስቲክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንፈልግ የእድር መዝገብና የግንባታ ቦታዎችን እንይ። ሟቹን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም እንቁጠር፤ አለበለዚያ ግንባታ በቀዘቀዘ ዓመት የሞተው ሰው ሲያንስ ጥንቃቄ የተሻሻለ ሊመስለን ነው።

ቁጥሩ በመጀመሪያው ዓመት ከፍ ብሎ ቢያስደነግጠን እንኳ አንሽሽ። የጨመረው ሞቱ ሳይሆን የእኛ ማየት ሊሆን ይችላልና።