ቬጋስ ሄዶ መተኛት

«ጋሼ፣ ቬጋስ እኮ ለመተኛት አይመጣም!» አሉኝ የእህቴ ልጅ ሚዜዎች። ሠርጉ እዚያ ስለነበረ ያለፈው ሳምንት ዓምዴ ቀርቷል፤ ለምን ጠፋህ ላላችሁኝ መልሱ ይኸው ነው። ልጆቹን በስም አልጠራቸውም፤ ክርክራቸውን ግን ለአንባቢ ፍርድ አቀርባለሁ። ሰው አልጋ ተከራይቶ፣ በአልጋው ዋጋ ላይ «ሪዞርት ፊ» የሚሉት ክፍያ ተደርቦበት፣ ግብሩም ተቆልሎበት፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያድር «ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?» ይባላል? ጫማ ገዝቶ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው ማን ብልጥ ይለዋል?

ከጩኸት ጋር ያለብኝን የቆየ ጠብ የዚህ ገጽ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። የሚኒባሱን ቴፕ፣ የሠፈሬን ግሮሰሪ፣ የሠርግ አዳራሹን ድምፅ ማጉያ በየተራ ከስሼ በየተራ ተረትቻለሁ። የቤተ እምነቶችን ነገር አንድ ጊዜ አንስቼ የወረደብኝን ስለምታስታውሱ እሱን አልደግመውም። እንዲህ ያለ ሰው ላስ ቬጋስ ሄዶ ካሲኖ ሆቴል ውስጥ ሊያድር ነው ሲባል ወዳጆቼ ቢስቁ አልፈርድባቸውም።

ያረፍንበት ሆቴል ስሙ ይቆየን። ስትሪፕ በሚሉት ዋናው ጎዳና ላይ ያለ ነው፤ ለሠርገኛ ቅናሽ አደረገልን፤ የቅናሹ ምስጢር የተገለጠልኝ ሲመሽ ነው። ክፍሌ ሊፍቱ ፊት ለፊት ነበር። ከጎኑ እንግዳው ሁሉ በባልዲ በረዶ የሚቀዳበት ማሽን ቆሟል፤ እዚያ አገር በረዶ ሳይቀዳ የሚተኛ ያለ አይመስልም። ከእኔ ክፍል ወደ ጎረቤቴ የሚያሳልፍ የተቆለፈ በር አለ። በሩ ሰው አያሳልፍም፣ ወሬ ግን ያሳልፋል። ጎረቤቴ በካርታ ስንት እንደተበላ፣ ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚዋሽ፣ ወንድሙ ደግሞ ውሸቱን እንዴት እንዳረመለት በዝርዝር ሰምቻለሁ። የወንድምየው ውሸት የተሻለ እንደነበረ ልመሰክር እችላለሁ።

ከመስኮቴ በታች ዋና ገንዳ፣ ከገንዳው አጠገብ ጭፈራ ቤት። የዘፋኙ ድምፅ አይሰማም፣ ቤዙ ብቻ ነው የሚመጣው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳና መስታወት ያስቀሩታል፤ ወፍራሙ ግን ኮንክሪቱን ራሱን እያነቃነቀ ይገባል። ለዚህ ነው የጆሮ መድፈኛ ያደረገ ሰውም ቤዙን በደረቱ የሚሰማው። «መስኮቱን ዝጋው» ያለኝ ሚዜ ነበር። ድሮም የማይከፈት መስኮት ነው።

ለእነዚህ ልጆች ከራሷ ከከተማዋ ታሪክ መልስ አለኝ። ወንበዴው በግዚ ሲገል፣ ፍላሚንጎ የተባለውን ካሲኖ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1946 ከፈተ። የሆሊውድ ሰዎች ተጠሩ፣ የቁማሩ ጠረጴዛ ተዘረጋ፣ የመኝታ ክፍሎቹ ግን ገና አላለቁም ነበር። ከዚያ የሆነውን የከተማዋ ሰዎች እስከ ዛሬ ይተርኩታል። ያሸነፈው ሁሉ ብሩን ይዞ ወደ ሌላ ሆቴል ሊተኛ ሄደ፤ ሲነጋም እዚያው ባደረበት ተጫወተ። ፍላሚንጎ ከሰረ፣ በወሩ ገደማ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በማርች 1947 ነው። ሲገል በዚያው ዓመት ጁን ላይ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በአልጋ ጉዳይ ተገደለ አልልም። ግን የዛሬው የካሲኖ ባለቤት ሁሉ እንግዳው ፎቁ ላይ ካልተኛ ነገ ምድር ቤት እንደማይወርድ ያውቃል፤ የማያውቁት የእኔ ሚዜዎች ናቸው።

ምድር ቤቱስ? ወደ ክፍል ለመግባት መጀመሪያ ካሲኖውን ማቋረጥ ግድ ነው፤ ሊፍቱ ሆን ተብሎ ከማሽኖቹ ወዲያ ይሠራል። የቁማር ማሽኖቹ ድምፅ እርስ በርሱ እንዳይጋጭ አብዛኛው በአንድ የሙዚቃ ቁልፍ፣ በሲ ሜጀር፣ የተቃኘ ነው። መቶ ማሽን ባንድነት ሲንጫጫ ጆሮን አይወጋም፣ ያባብላል። እኔን ግን አላባበለኝም። ለነገሩ እንግዳ ቦታ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ የሚያምፀው በቬጋስ ብቻ አይደለም። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ባልለመደው ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኛ የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ነቅቶ እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። ግማሽ አንጎሌ ዘብ ቆሟል ማለት ነው። ዘቡ ላይ የበረዶ ማሽን ሲጨመር አስቡት።

መድኃኒቱ የተገኘው ከሙሽራው አክስት ነው። ብዙ ዘመን በሃውስኪፒንግ፣ በሆቴል ክፍል ጽዳት፣ ሠርታለች፤ የዚያች ከተማ ክፍል ከውስጥም ከውጭም የሚያውቀው እንደ እሷ ያለ ሰው ነው እንጂ ማስታወቂያ የሚያሠራው አይደለም። ፊቴን አይታ ሳቀች፤ «ጋሼ፣ እዚህ ሰው ሁሉ የሚለምነው እይታ ነው። የሚታይዎት ነገር ሁሉ ደግሞ ይሰማዎታል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የቤላጂዮ ፏፏቴ ማታ ማታ በሙዚቃ እየታጀበ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልላል። ኒውዮርክ ኒውዮርክ የተባለው ሆቴል ሕንፃውን የሚዞር ሮለር ኮስተር አለው፤ ተሳፋሪው ደግሞ የሚከፍለው ለመጮህ ነው። በስትሪፑ ደቡብ ጫፍ ያሉት ሆቴሎች ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር አጥር ለአጥር ናቸው። መሀል ከተማ ፍሪሞንት ጎዳና ላይ የሚያድር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ከላይ በብርሃን ጣሪያ በተሸፈነው መንገድ ሌሊት የሚደረገውን ኮንሰርት፣ ትኬት ሳይቆርጥ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ከ2023 ወዲህ ኅዳር ሲመጣ የፎርሙላ ዋን መኪኖች ስትሪፑ ላይ በጨለማ ይሽቀዳደማሉ። የዚያን ሰሞን ወደዚያ የሚሄድ እንቅልፍ ፈላጊ ካለ ምክሬን አላባክንበትም።

አክስትየው የነገረችኝ እንዲህ ነው። ወደ ጎረቤት የሚያሳልፍ የውስጥ በር የሌለውን ክፍል ይጠይቁ፤ ከሁሉ የሚብሰው የበሩ ነገር ነው። ከሊፍቱ ይራቁ፣ ግን የመተላለፊያው ጫፍ ላይ የሠራተኞች ሊፍት መኖሩን ያጣሩ፤ የእኛ ጋሪዎች ጠዋት እዚያ ነው የሚሰለፉት። ገንዳውን የሚያየውን ክፍል ለወጣቶቹ ይተዉላቸው። ፎቁ ሲረዝም ጎዳናው ይርቃል፤ ጣሪያው ላይ ጭፈራ ቤት ካለ ግን ሽቅብ የሸሹለት ነገር ከላይ ይጠብቅዎታል። ዓርብና ቅዳሜን መዝለል ከቻሉ ደግሞ ይዝለሉ። «ሠርግ በማክሰኞ?» አልኳት። «እዚህ አገር በማክሰኞም ይጋባሉ» አለች።

ካሲኖ የሌላቸው ሆቴሎች እዚያው መሀል ላይ መኖራቸውንም ከእሷ ነው የሰማሁት። ቪዳራ የተባለው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ቁማርና ያለ ሲጋራ ይሠራል። ፎር ሲዝንስ ደግሞ ማንዳላይ ቤይ ሕንፃ ላይ ከ35ኛ እስከ 39ኛ ፎቅ ተቀምጦ የራሱ መግቢያ አለው፤ እንግዳው የቁማር ማሽን ሳያይ ገብቶ ሳያይ ይወጣል። ኪስ ይጠይቃል እንጂ ዝምታው አለ። እኔ እንደሆነ ከሠርገኛው ተለይቼ ሌላ ሆቴል ብይዝ እህቴ እስከ ፋሲካ አታናግረኝም።

ሚዜዎቹ በበኩላቸው አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ መታወቂያዬ ሥር ሃያ ዶላር አጥፌ ለእንግዳ መቀበያው እንድሰጥ። በዚያች ከተማ የታወቀ ልማድ ነው አሉ። አክስትየው ሰማችና «ሃያ ዶላሩን ክፍልዎን ለምታጸዳው ይተዉላት፤ ለመቀበያው አፍዎ ይበቃል። እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ስጡኝ ይበሉ» አለች። እንዳለችው አልኩ፤ በማግስቱ ክፍል ተቀየረልኝ። ከኋላ በኩል ነው፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ የመኪና ማቆሚያ አላየሁም። ተኛሁ። ስለ እንቅልፍ ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር የለም።

ከተኛሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። ሠርጉ ካለቀ በኋላ አክስትየው ቡና ጠርታኝ ቤቷ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው፣ ውጭው ፀሐይ እሳት ይተፋል፣ ቤቱ ግን ጨለማ። የመኝታ ቤቱ መስኮት እኛ ዶሮ በምንጠቀልልበት የአሉሚኒየም ፎይል ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል። ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ውስጥ ተኝቷል። ቡናውን የቆላችው ጓሮ ወጥታ ነው፤ እኛም የተጫወትነው በሹክሹክታ ነው። ዕጣኑ እንኳ በዝግታ የሚጨስ መሰለኝ። በዚያች ከተማ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቤት መስኮቱ እንዲህ ነው። በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ሰው እየመጣ እንዳይተኛ ሲታገል፣ ያንን ሁሉ ሰው የሚያመላልሰው፣ አንሶላውን የሚቀይረው፣ ካርታውን የሚያድለው ደግሞ ቀን ቀን ለመተኛት ይታገላል።

ከእነዚህም ውስጥ የእኛ ሰው ብዙ ነው። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ሰፈር በይፋ መሰየሙ ለይምሰል አይደለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ወደ 60 ሺህ አባላት ያሉት የካሲኖ ሠራተኞች ማኅበር፣ ኩሊናሪ፣ አድማ ሊመታ ጥቂት ሲቀረው ከታላላቆቹ ካሲኖዎች ጋር ተስማማ፤ በውሉ ካስመለሳቸው ነገሮች አንዱ ክፍል በየቀኑ እንዲጸዳ ነው። እኔ ይህ ለእንግዳው የተደረገ መስሎኝ ነበር። አክስትየው አስረዳችኝ፤ ክፍል በየቀኑ ካልተጸዳ የሠራተኛ ቁጥር ይቀነሳል፣ የሦስት ቀን ቆሻሻ ደግሞ ለቀረችው አንዲት ሴት ይጠራቀማል። ስለዚህ የበሩ እጀታ ላይ «አትረብሹኝ» የሚለውን እስከ መውጫው ቀን የሚያንጠለጥል እንግዳ፣ እኔን ጨምሮ፣ ያሰበውን ያህል ደግ አይደለም።

ወደ ሌሊት ሠራተኞቹ ልመለስና፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በ2019ም አልሻረውም። ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። እዚህ እኛ ዘንድ በየቤቱ የሚነገር አንድ ወሬ ስላለ ነው። «ቬጋስ ያለው ወንድሜ ስልክ አያነሳም፤ ኮራብን፣ ዶላር አስረሳው» ይባላል። እኔም ያልኩበት ጊዜ አለ። ለዚህ ወሬ ባለቤቶች ትዕግሥቴ አልቋል።

አስሉት እስቲ። ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቤተሰብ ሲሰበሰብ ነው የምትደውሉት። በዚያ ሰዓት ላስ ቬጋስ በበጋቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 3 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ሰው መኪናውን አስረክቦ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ፎይሉ ጨለማ ውስጥ ዓይኑን የከደነው ገና አሁን ነው። ሁለት ጊዜ ደውላችሁ ካላነሳ ሦስተኛውን አትሞክሩ። የድምፅ መልእክት ተዉለትና እዚህ ሲነጋ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ግድም ደውሉለት፤ ያኔ እዚያ ምሽት ነው፣ ወደ ሥራው ሳይወጣ ታገኙታላችሁ።