የ1960ውን ማን ይጠይቅ?

«የአባቶችን ታሪክ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ለወጣቱ አቆዩ» የሚለውን ምክር የሚቃወም ሰው አላጋጠመኝም። ስልክ በየኪሱ፣ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ ይባላል። ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ ተቀርጸው በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን ባየሁ ቁጥር ግን የጎደለው ጥያቄው እንደሆነ ይታየኛል።

አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። አዛውንቱ ጋቢ ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ስልኩን ደግኖ «አባቴ፣ እስቲ ስለ በላይ ዘለቀ ይንገሩን» ይላል። «እኔስ አልደረስሁበትም፤ አባቴ ሲያወራ ነው የሰማሁት» ብለው ይጀምራሉ። ጠያቂው ጆሮ አይሰጠውም፣ ወደ ጀግንነቱ ይቸኩላል። ከኋላ ዋሽንት ይገባል፣ ፉከራ ይከተላል፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

እስቲ እንቁጠር። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። በላይ በገዛ አገሩ መንግሥት የተሰቀለው በጥር 1937 ነው። ዛሬ 80 ዓመት የሞላቸው አዛውንት የተወለዱት ደግሞ በ1938 ገደማ ነው። ስለዚህ ስልኩ ፊታቸው ላይ የተደገነባቸው ሰው የሚጠየቁት ከመወለዳቸው በፊት ስላለፈ ነገር ነው። የሰሙትን መናገራቸው ነውር የለበትም፤ አፈ ታሪክም ታሪክ ነው። ነውሩ በ22 ዓመታቸው በዓይናቸው ያዩት ነገር እያለ እሱን የሚጠይቃቸው መጥፋቱ ነው።

በ1960 የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። ያስፈራው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ መሬቴን የለካ ርስቴን ይነጥቃል የሚል ሥጋት ነበር፤ ጎጃም መሬቱን ላለማስለካት ከዚያም በፊት ደጋግሞ የተነሣ አገር ነው። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከጦሩም በላይ አውሮፕላን ላከ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የኢትዮጵያን ገበሬ መንደር በቦምብ ደበደበ። ገበሬው ግን አልከፈለም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

ይህን ታሪክ በደንብ ማንበብ የሚፈልግ የቢቸና ተማሪ እንግሊዝኛ ማወቅ አለበት። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን ዐመፆች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የአያቱ ጉዳይ በካምብሪጅ ታትሞ ይገኛል፤ አያቱ ደግሞ እቤት ተቀምጠው ስለ ጣሊያን ይጠየቃሉ።

ለምን? የጣሊያኑ ታሪክ ስለሚመች ነው። ጠላቱ ነጭ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ተሸንፎ ሄዷል። የ1960ው እንዲህ አይመችም። ደብዳቢው የራስ መንግሥት ነው። ገማች ሆኖ የተቀመጠ፣ መንገድ የመራ፣ ተደብቆ ግብሩን የከፈለ ሰው ልጆች ደግሞ ዛሬም እዚያው ጎረቤት ናቸው። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው የተቀነሰባቸውም አልተጠየቁም፤ ስም ያወጣላቸው ያገራቸው ሰው ነዋ! በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ እሳቱን የቀረጸ ስልክ ሞልቶ ነበር። ሱቁ የነደደበትን ነጋዴ በኋላ አረፍ ብሎ ያዳመጠው ስንት ነው?

ሴቶቹማ ጭራሽ ተረስተዋል። አውሮፕላኑ ሲመጣ ልጅ አዝላ ወደ ጫካ የሮጠችው፣ እህል የደበቀችው፣ ለሞተው ሙሾ ያወረደችው ሴት ፉከራ ስለማታውቅ ለቪዲዮ አትሆንም። ዘመኑን ከወንዶቹ አሳምራ የምትቆጥረው ግን እሷ ናት፦ «ያን ክረምት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር» ካለች ዓመቱ ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፣ ካሜራውም ባይበራ ግድ የለም። እንዲያውም ፊት የማያሳይ የድምፅ ቅጂ ይበልጣል፤ የሚያናግርም የሚጠብቅም እሱ ነው።

ለወጣቱ ነው መባሉም ያስቀኛል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ቲክቶክ ላይ የተቀመጠውን የቢቸና ሽማግሌ ቃል የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ሰው ሲያየው የቢቸና ልጅ መክፈት አልቻለም። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሸጥ፣ የቴሌግራሙ ቻናል ሲዘጋ ደግሞ ለማንም አይተርፍም። ቀን የለው፣ ቀበሌ የለው፣ የተናጋሪው ፈቃድ የለው፤ እንዲህ ያለውን ቅርስ ማለት ይከብደኛል።

ስቲቨን ስፒልበርግ ከናዚ እልቂት የተረፉትን ለማስቀረጽ በ1994 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ተቋም ከ50 ሺህ በላይ ምስክርነት ሰብስቧል፤ አንዱ በአማካይ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። ገንዘብ ስላላቸው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። አንድን ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ለመስማት ግን ገንዘብ አያስፈልግም። ቅጂውን ሳይቆራርጡ፣ ከስምና ከቀን ጋር፣ ባለቤቱ እንደፈቀደ አንዱን ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለወመዘክር መስጠትም ያን ያህል አይከብድም።

«ምንም ከሚጠፋ ይሄ ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። መጥፎ ቅጂ ቦታ ይይዛል። «አባባማ ተቀርጸዋል እኮ» ተብሎ በሩ ይዘጋል፤ ሰውየውም ያቺኑ የተጨበጨበላትን ሁለት ደቂቃ መድገም ይለምዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጠያቂ የሚያገኘው እሷኑ ነው።

ስለዚህ ለቀራጩ ወጣት ጥያቄ ላውሰው። ምን ያህል ተጣለባችሁ? ገማቾቹ እነማን ነበሩ? አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት የት ነበሩ? ከብቱስ ምን ሆነ? ከመንደሩ ሰው ግብሩን ከፍሎ ያደረ ማን ነው? የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ «ያንን ስልክ አጥፋውና ላጫውትህ» ይባል ይሆናል። ያጥፋዋ፤ ቁጭ ብሎ ይስማ።