መኪናዋን እንጂ ወሬዋን አትግዙ

የዛሬው ጨዋታችን የፍቅርም የትዳርም አይደለም። ግን እመኑኝ፣ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ወንድማማች ያኳረፈ ጉዳይ ነው። አሮጌ መኪና ስለመግዛት እናወጋለን።

ነገሩን ያነሳችው አንዲት አንባቢያችን ናት። በደብዳቤዋ እንዲህ ትላለች፤ «እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችውን ላከችልን። ለታናሽ ወንድማችን መኪና ተገዝቶለት ሠርቶ እንዲበላ ነው ሐሳቧ። ደላላው አንዲት ኮሮላ አሳይቶናል። ዋጋዋ ከመሰሎቿ ይቀንሳል። ‹ቀብድ ካላስያዛችሁ ታመልጣችኋለች› እያለ በየቀኑ ይደውላል። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። ምን ይመክሩናል?»

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ያደግሁት ግን ከጋራዥ አጥር ሥር ነው። ገዝቶ የሚስቅም፣ ገዝቶ የሚያለቅስም ብዙ አይቻለሁ። የሚያለቅሰው ሁሌም የቸኮለው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

በመጀመሪያ «ርካሽ» የሚለውን ቃል እንይ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ገበያው ላይ የምናያቸው ኮሮላዎች ድሮ ገብተው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ናቸው። ባለቤቱ ዋጋዋን ያውቃል፤ ደላላውማ አብልጦ ያውቃል። ታዲያ አንዷ ከእኩዮቿ ተለይታ ከረከሰች «ዕድሌ ነው» ከማለት በፊት «ምን ሆና ነው?» ማለት ይቀድማል።

ከሞተሩ በፊት ወረቀቱ

የታመመ ሞተር ገንዘብ ያድነዋል። የታመመ ወረቀትን ግን መካኒክ አያክመውም። ሊብሬውን ተቀብላችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይናችሁ ከመኪናዋ ላይ አንብቡ። ኮሮላ ላይ የሻንሲው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኋላ ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ተመቶ ይገኛል። አካባቢው የተሞረደ፣ የተበየደ ወይም ለብቻው ቀለም የተቀባ ከመሰለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ ሻጩ ማነው? ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በታች መኪና ደግሞ የለም! አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል እንዳለበትና እንዳልተሻረ አጣሩ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ይኖርባት ይሆናል፤ ከተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነችም ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አትዞርም።

ቆርቆሮዋ ይናገራል

መኪና ለማየት በጠራራ ፀሐይ ሂዱ። ማታ፣ ዝናብ ላይ ወይም ከላቫጆ እንደወጣች ያያችኋትን አትመኑ። ውኃ ሁሉንም ቀለም ያሳምራል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቿና ፓራፋንጎዋ ላይ አሳልፉ። የማይዝበት ቦታ ካገኛችሁ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው። የባትላሜራ እጅ ያላረፈበት አሮጌ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ዋናው ነገር የት ነው የሚለው ነው። በር ላይ ከሆነ ጭረት ነው ይባል፤ ጣሪያው ላይ ወይም የበሮቹ ምሰሶ ላይ ከሆነ ግን መኪናዋ ተገልብጣ ይሆናል።

ምንጣፉን ገለጥ፣ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳብ አድርጉ። የደረቀ ጭቃ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ጎርፍ ገብቶባት ሊሆን ይችላል። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። «ጎማው አዲስ ነው» ለሚል ሻጭ መልሱ እዚያው ተጽፏል።

የኪሎ ሜትሩ ቆጣሪስ? ሃያ ዓመት የሆናት ኮሮላ 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ካነበበች በቀን 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ስትሄድ ኖራለች ማለት ነው። ይህን ስትሰሙ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ፔዳል ጎማ፣ የመሪውን ጫፍና የሾፌሩን መቀመጫ ጠርዝ እዩ። እነዚህ አልቀው ቆጣሪው ወጣት ከሆነ አንዱ እየዋሸ ነው። መሪና ፔዳል ደግሞ አይዋሹም።

በጠዋት፣ ሳትነሳ

ሞተሩን ማየት ያለባችሁ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል፤ «ለምን?» በሉት። ከመነሳቷ በፊት የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ ዘይትና ውኃ ተደባልቀዋል። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ!)፤ ዘይት የሚንሳፈፍ ከሆነ ያው ነው። እንዲህ ያለው ነገር የቴስታታ ጣጣ ነው፤ ኪስ ያራቁታል።

አሁን ይነሳ። ጠዋት ትንሽ ነጭ እንፋሎት ማየት የተለመደ ነው። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ ውኃ እየተቃጠለ ነው ይላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቷን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ ማባከኗን ይነግራችኋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በኮሮላ ላይ የመጣው ባለ 1.8 ሊትር «ዋን ዜድ ዜድ» ሞተር፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት፣ ዘይት በመብላት ይታወቃል። በጥቅሉ ጥሩ መኪና ናት ማለት ሁሉም ሞተሯ አንድ ነው ማለት አይደለም።

ከዚያ አቀበት ፈልጉ። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ጥሩ ፈታኝ ነው። የከተማችን አየር ሳስቶ የማንኛውም ተራ ሞተር ጉልበት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚቀንስ ትንሽ ብትደክም አትፍረዱባት። የሙቀት መለኪያው ከመሃል እያለፈ ከወጣ ግን ፍረዱ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ ወርዳችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡን ካለ ያን ዘይት አስታውሱ። ፍሬን ስትይዙም ወደ አንድ ጎን መሳቧን እዩ።

መካኒኩ የማን ነው?

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላም መካኒክ ውሰዱ። ደላላው «እኔ ጋ አለ» ካላችሁ ምስጋና አቅርባችሁ የራሳችሁን ጥሩ። ዋጋውንም ብትገዙም ባትገዙም አስቀድማችሁ ክፈሉ። ገበያው ሲያልቅ ከደላላው ኮሚሽን የሚጠብቅ መካኒክ ሞተሩን ሳይሆን ኪሱን ነው የሚያዳምጠው። «የሴት እጅ ናት»፣ «ዶክተር ነው የነዳት»፣ «ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ» የሚለውን ቅኔ እንደ ቅኔ ስሙት። እናንተ የምትገዙት መኪና ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ቀብድ ቀላል ነገር አይምሰልሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ውል ካላሰራችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚሰጠው ወረቀቱ ከተጣራና መካኒኩ ካየ በኋላ ነው፤ ያውም ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት። ደላላው እጅ ላይ አንድ ብር አታኑሪ። ዋናውን ሽያጭ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈጽሙ።

ያላችሁን ገንዘብም ሁሉ ለመኪናዋ አታውጡት። ከአሥር አንድ እጁን አስቀሩ፤ አሮጌ መኪና ቤት በገባች በወሩ ዘይት፣ ባትሪ፣ ቺንግያና ጎማ ትጠይቃለች። ለወንድምሽም ከአሁኑ ንገሪው፤ መኪናዋ የእሱ መጫወቻ ሳትሆን የእህታችሁ የሰባት ዓመት ጉልበት ናት። ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆን፣ ከገቢው ለእሷ ስንት እንደሚቀመጥ ሳትገዙ ተነጋገሩ። ኋላ ፍርድ ቤት ከመነጋገር አሁን ቡና ላይ መነጋገር ይሻላል።

ያቺ ኮሮላ ብታመልጣችሁስ? ታምልጥ! ሌላ ትመጣለች። የእህትሽ ሰባት ዓመት ግን ዳግም አይመጣም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።