ለአዲስ ሕንፃ እንሰጣለን፤ ለአዳዲ ማርያም ጥገናስ?

ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ድምፁን በደንብ ያውቀዋል። ጥላ ተዘርግቶ፣ ሥዕል ቆሞ፣ ማይክ የያዘ ወንድም «ለሕንፃ ማሠሪያ» እያለ ይለምናል። አሁን ደግሞ ቴሌብር ስላለ «ዝርዝር የለኝም» የሚባለው ማምለጫ ቀርቷል። እኔም ሰጥቻለሁ። ግን «ለጥገና» ብሎ የለመነኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ነገሩ ያሳሰበኝ በአዳዲ ማርያም ምክንያት ነው። ከለቡ ወጥታችሁ በዓለም ገና ወደ ቡታጅራ መንገድ ከገባችሁ፣ አዋሽን ተሻግራችሁ ወደ ቀኝ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትገቡ ታገኟታላችሁ። ከአለት የተፈለፈለች ናት። ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል፤ አጥኚዎችም 12ኛው ወይም 13ኛው ክፍለ ዘመን ይሏታል። በግራኝ ዘመን ተዘግታ እስከ ምኒልክ ዘመን ተረስታ ቆይታለች ተብሎም ይተረካል። ላሊበላ ለመሄድ አቅም ለሌለን የአዲስ አበባ ልጆች ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ናት።

ጎረቤቶቿን ደግሞ እዩ። ጢያ ትክል ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መልካ ቁንጡሬ በ2024 ተጨመረ። አዳዲ ማርያም በሁለቱ መሀል ናት፤ አስጎብኚዎች ሦስቱን በአንድ ቀን ጉዞ ይሸጧቸዋል። ከዚህ ጉዞ መኪና አከራዩ ያተርፋል፣ ምግብ ቤቱ ያተርፋል፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ የሚለቀውም የድርሻውን ያገኛል። ዝናብ ሲገባ፣ አለቱ ሲሰነጠቅ ግን ወጪው የማን ነው?

ሕጉ መልስ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርሱን በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ የሚጥለው በባለይዞታው ላይ ነው። ጥገና ለማድረግ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። «ይችላል» ነው እንጂ «ይሸፍናል» አይደለም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ችግሩ ወዲያው ይታየዋል፦ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ይበተናል፣ ወጪው ግን አንድ የገጠር ደብር ላይ ይከመራል። ደብሩ ያለው ስለትና የንግሥ ቀን ሙዳየ ምጽዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዳዲ ስትጠገን ድጋፉ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነበር። እንግዲህ ቀጣዩንም ፈረንጅ እስኪያስበው እንጠብቅ?

«ምዕመኑ ራሱ ያዋጣ» የሚል አለ። ልክ ነው፣ ገንዘብ አለ፤ የለቡ ማይክ ምስክር ነው። ግን ገንዘቡ ወደ አዲስ ሕንፃ ያደላል። አዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ፣ የምረቃ ቀን፣ ከሩቅ የሚታይ ጉልላት አለው። ጥገና በደንብ ሲሠራ ምንም አይታይም። ሌላም አደጋ አለ፤ ገንዘቡ በጥሩ ልብ መጥቶ ባለሙያ ከሌለበት ሲሚንቶ ይለሰንበታል። ላሊበላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ የተቀባውን ቀለም በኋላ የመጡት ጠጋኞች መልሰው ማንሳት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 «ለጊዜው» ተብሎ የተተከለው የላሊበላ መጠለያም እንዴት እንደሰነበተ ሁላችንም አይተናል።

እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። አስጎብኚዎቹ ከሚሸጡት የአንድ ቀን ጉዞ ላይ ትንሽ ድርሻ ተቆርጦ በአዳዲ ስም ዝግ ሒሳብ ይግባ፤ ሳይበላሽ በፊት በየዓመቱ ለሚደረግ ምርመራ ብቻ ይዋል፤ ደብሩና የቅርስ ባለሥልጣኑ አብረው ይፈርሙበት፤ የገባውና የወጣው ደጃፉ ላይ ይለጠፍ። «ቱሪስት ሲጠፋስ?» ካላችሁ ትክክል ናችሁ፤ ኮቪድ ያሳየን ይህንኑ ነው፤ ለዚህ ነው ሒሳቡ በደህና ዓመት መጠራቀም ያለበት። የከተማው ደብሮችም ከሕንፃ መዋጮአቸው ጥቂት ቢያካፍሉ ያስኬዳል፤ እዚህ ላይ ግን የሕንፃ ኮሚቴዎቹን ማሳመን ቀላል አይመስለኝም።