ከጉለሌ እስከ አውሮፕላኑ ደጃፍ

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት የሚሰፈረው በሰማይ ላይ በሚዘረጋ ቀጥተኛ መስመር ስለ ሆነ፣ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ቢባል ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም መንገደኛ ቤቱን በዚያ መስመር ጫፍ ላይ አልሠራም።

በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል የሚከንፈው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ይህን ርቀት በግማሽ ሰዓት ሊፈጽመው ይገባል ብሎ የሚያሰላ ሰው ቢኖር፣ በሒሳቡ ነቀፋ አይገኝበትም፤ ሆኖም ከመቆሚያው ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ የሚያዘግምበት፣ ተራውን የሚጠብቅበት፣ ወደ ላዕላይ አየር እየወጣ ፍጥነቱን የሚያገኝበት፣ በመጨረሻም ጣና ዳር ሲደርስ ዝቅ እያለ ለማረፍ የሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ስለሚቆጠር፣ በመርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚህስ ሐሰት የለበትም። ያልተቆጠረው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ በከተማይቱ ሰሜናዊ በር ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ የሽሮ ሜዳ ሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ ለመብረር አስቀድሞ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ወርዶ፣ ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ለፍተሻው ይበቃኛል ብሎ የገመተውን ጊዜ ጨምሮ ቦሌ ይደርሳል፤ የጎጃም መንገድ ግን ከአዲሱ ገበያ፣ ከደጁ ይጀምራል። እርግጥ ነው፣ መኪናው በሱሉልታ አልፎ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወደ ደጀን ወጥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ሲሄድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆንበት መዓልቱን ይፈጀዋል፤ አውሮፕላኑም እንደ ረታ ይኖራል፤ የሚረታበት ልክ ግን ትኬቱ ከሚለው ያነሰ ነው። አበው «የሦስት ቀን መንገድ» ሲሉ አቀበቱንም፣ ወንዙንም፣ በቅሎይቱ የምታርፍበትንም አስገብተው ነበርና፣ መስፈርታቸው ከእኛው ይልቅ ለመንገደኛው ያዘነ ይመስለኛል።

ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ የሚለያይበትም አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው አውሮፕላን ሳያርፍ ሲገባ፣ ከዚህ የሚሄደው ግን በየዘመኑ በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲጨምር ኖሯል፤ ምክንያቱም ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ስለሚደክሙ ታንኩን ሞልቶ ከነሙሉ ጭነቱ መነሣት አይቻለውም፤ በመንገዱም ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው ላዕላይ ነፋስ ይገዳደረዋል።

ቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ የታሰበው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በዝቅተኛ ስፍራ ላይ በመሆኑ ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ ስለዚህ ሥራውን እደግፋለሁ። ስፍራው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ይህም ለዋሽንግተን መንገደኛ ከ13 ሰዓት በላይ በሚፈጅ ጉዞ ላይ የተጨመረ ኢምንት ነው፤ ለባሕር ዳሩ መንገደኛ ግን፣ በረራው ወደዚያ ቢዛወር፣ የጉለሌ ቤቱን ለቆ እስኪሳፈር የሚያጠፋው ጊዜ ከበረራው ጊዜ እጅግ ይበልጥበታል። እንግዲህ የአገር ውስጡ በረራ በቦሌ ይቆይ፤ ወደ ውጭ አገር ለሚሄደውም ወደ አዲሱ ማረፊያ የሚያደርስ ባቡር ከማኮብኮቢያው ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ሻንጣ የሚያስረክቡበትም አንድ ቢሮ በሰሜኑ በኩል፣ ለምሳሌ በአዲሱ ገበያ፣ ይከፈት።