ስምንተኛን ከጨረሰ ይበቃዋል?

ክረምቱ አልፎ ምዝገባ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ቤት ፈላጊ ይበዛባታል። ከጎዛምን፣ ከማቻከልና ከባሶ ሊበን ቀበሌዎች የሚመጡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ይሄዱና ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከእነዚህ መካከል ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ልጅ ስንት ጊዜ ታያላችሁ? እኔ ብዙ አላይም።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከእናቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል ነው። «ስምንተኛን ጨርሷል፤ ከዚህ ወዲያ ማን ይመራዋል? ማን ያበስልለታል? ዓይኔ ሥር ይሁንልኝ።» ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው እቤት የሚያስቀረው ይኸው ፍቅር ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆቻችን ከትምህርት የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ፈተና ወድቀው ሳይሆን በስምንተኛና በዘጠነኛ መካከል ባለችው በዚህች ድልድይ ላይ ነው።

ጎጃም ለዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አገር አይደለችም። ቅኔ በጆሮ ተሰምቶ በቃል የሚያዝ ስለሆነ፣ በቅኔ ቤቶቻችን ዓይነ ስውሩ ከጓደኛው እኩል ሲቀኝ ኖሯል፤ ዓይነ ስውር የኔታ ማየትም ብርቅ አልነበረም። የዘመኑ ትምህርት ግን ሰሌዳና መጽሐፍ ላይ ቆመ። ስለዚህ ብሬል፣ የሚያነብ ሰው፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት የሚባለው በአጭሩ ይኸው ነው።

አያቶች ደግሞ ይህችን ስሙኝ። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ውስጥ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። በአገሩ ልማድ በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት ነበር፤ ዓይነ ስውር በመሆኗ ግን ለትዳር አትሆንም ተባለች። እናቷና አያቷ ወደ ሻሸመኔ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደሚተዳደረው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወሰዷት። ከዚያም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፤ የተማሪ ክበባትንም መራች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም፤ አንዲት አያት የልጅ ልጇን ይዛ ያንን ሁሉ መንገድ መጓዟ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ከምዝገባ በፊት የመጀመሪያው ሥራ የእኔ ሙያ ነው፤ ልጁ በትክክል ምን እንደጎደለው ማወቅ። «ዕውር» የተባለ ልጅ ሁሉ ጨርሶ አያይም ማለት አይደለም፤ ጥቂት የሚያይ ከሆነ መነጽር፣ ትልቅ ጽሑፍና የፊት ወንበር ብዙ ይረዱታል። የርቀት ዕይታ መድከም ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ ሊመጣ ወይም ሊብስ ይችላል። ትራኮማ በክልላችን እንዴት እንደተስፋፋ ታውቃላችሁ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በጊዜ ካልታከመ የቀረውን ብርሃን ይወስዳል። «ሰነፍ ነው፣ ሲጠሩት አይሰማም» የሚባለውም ልጅ ለዓመታት መግል ያወጣ ጆሮ ይዞ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን ከተማ ስትወጡ የዓይንና የጆሮ ምርመራ አስደርጉለት፤ ወረቀቱን አትጣሉ፤ ትምህርት ቤቱ ይፈልገዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ነው። የልዩ ፍላጎት መምህር አለ? ብሬል የሚያነብ መምህርስ? ስሌትና ስታይለስ፣ የብሬል ወረቀት ከየት ይገኛል? መስማት የተሳናቸው ልጆች ብዙ ጊዜ በልዩ ክፍል በምልክት ቋንቋ ተምረው ይመጡና ዘጠነኛ ላይ አስተርጓሚ በሌለበት ክፍል ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ላይ ዝም አትበሉ። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላዋለች፤ ልጁም የሚማረው በቸርነት ሳይሆን በመብቱ ነው። መጽሐፉ በብሬል ባይገኝ እንኳ፣ ታላቅ እህቱ የታሪክ ትምህርቱን አንብባ በሞባይል ትቅዳለት። ይህ ከማዳመጫ በቀር ወጪ የለውም።

ሴቶች ልጆቻችንን በተለየ አስቡ። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ልጅ የምትገባበት መጸዳጃ ቤት ከሌለ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዘው የመጡ እንዲህ ያሉ ልጆችን አክሜያለሁ፤ መድኃኒቱን እየሰጠሁ በልቤ የምረግመው መጸዳጃ ቤቱን ነበር። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። በወላጅ ስብሰባ ላይ ስለ አጥር ቀለም ከመነጋገር በፊት ይህን አንሡ። ወንበር ላይ የምትውል ልጅም በየግማሽ ሰዓቱ በእጇ ተደግፋ መቀመጫዋን ከፍ ታድርግ፤ ቁስሉ አንዴ ከጀመረ ትምህርቱን ያስቆማል።

ኪራዩስ? ብቻውን አይሁን፤ ከሚያውቀው የቀበሌው ልጅ ጋር ይሁን። ለዚያ ልጅ የኪራዩን ድርሻ መቻል ወይም ስንቁን መጨመር ተገቢ ነው፤ «መሪ ሁንለት» ብሎ ሸክም ብቻ መጣል ግን አያዘልቅም። ነጭ በትር ይዞ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ደጋግሞ ይመላለስበት። ሽሮ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ ደግሞ ከአሁኑ እቤት ይልመድ። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ተፈትነዋል፤ ራሱን ችሎ ማደር ያልለመደ ልጅ ከፈተናው ይልቅ ማደሪያው ይከብደዋል። ለፈተና የሚያነብለት ሰው ወይም ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ከሆነም ፎርም ሲሞላ ይነገር እንጂ በዋዜማው አይሁን።

ለምዝገባ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እቤት ትታችሁት አትሂዱ። ርዕሰ መምህሩ «ምን ይፈልጋል?» ብለው ወደ እናንተ ቢዞሩ፣ በትሕትና «እሱን ይጠይቁት» በሏቸው።