ውይይትን የተሸከመው ሻንሲ

የድሮዋን አዲስ አበባ የሚያውቅ ሰው ውይይት ታክሲን አይረሳም። ሰማያዊና ነጭ ቀለም፣ ከኋላ መግቢያ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ረዣዥም ወንበሮች። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ይቀመጣልና ስሙም ውይይት ሆነ። ጃፓን ውስጥ ግን ውይይት የሚባል መኪና ተሠርቶ አያውቅም። የእኛ ሰዎች የዕቃ መጫኛ ፒክአፕ ገዝተው፣ የኋላውን አካል አስለውጠው ያወጡት ነው። ቶዮታ ሃይሉክስ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር።

እንዴት ተመቸ? ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው። ሃይሉክስ በ1968 ከወጣ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1983 የመጣው አራተኛው ትውልድም ጭምር፣ መሰላል በሚመስል የብረት ሻንሲ ላይ የቆመ ነው። ጋቢናውም የዕቃ መጫኛውም ለየብቻ በብሎን የታሰሩ ናቸው። ኋላውን ፈትቶ ሌላ አካል ቢጭኑበት መኪናው ምንም አይጎድልበትም፤ ሸክሙ የሻንሲው ነውና። ዛሬ በጄኔቭ ጎዳና የምናያቸው የቤት መኪኖች ግን አካላቸው ራሱ ሻንሲያቸው ነው። የእነዚህን ጣሪያ የቆረጠ መኪናውን ቆረጠ ማለት ነው።

ከኋላ ባሌስትራ አለው። አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ስለታሰበ ባዶውን ሲሄድ ሰው ያነጥራል። 12 ሰው በ65 ኪሎ ብናሰላው 780 ኪሎ ነው! እንግዲህ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል፣ ሳያውቀው መኪናውን እያለሰለሰልን ነበር (ሂሳቡን ግን ያውቀዋል)። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ ቢሰበርም ያንኑ አንዱን መለወጥ ይቻላል።

2.4 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ኮምፒዩተር አይፈልግም። ደካማ ጎኑ ቺንጋው ነው፤ በጊዜው ካልተለወጠ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ሻንሲውም ጠላት አለው፦ እዚህ ዙሪክ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው። በጨው የተበላ ሻንሲ አዲስ ቀለም ቢቀቡትም አይድንም።

ይህን የማነሣው «ለአገር ቤት ምን መኪና ልላክ?» የሚሉ ወገኖች ስላሉ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ላሰበ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ ሥር የተዘረጋ ነው፤ ከዕቃዎቹም ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ስለዚህ የቀለሙንና የስክሪኑን ነገር ተዉትና፣ ባትሪው ሲደክም አዲስ አበባ ላይ ማን እንደሚፈታው፣ መለዋወጫውም ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ጠይቁ። መልስ ከሌለው ፍራንካችሁን ያዙ።